ዘይነባን ከእድር ያጠፋኋት እኔ ነኝ

ኮምፒውተር አይሳሳትም የሚል ሰው ካለ ቤቴ ድረስ ይምጣልኝ። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ አጥሩ ላይ ባዶ የቡና ጆንያ የተሰጣበት ግቢ። በሩ ክፍት ነው፤ ወንበርም አቀርብለታለሁ። ከወንበሩ በሰላም ስለመነሳቱ ግን ዋስ አልሆንም።

ተናድጃለሁ። አራት ወር ሙሉ ተናድጄ ነው የከረምኩት። ልጆቼ «እማዬ፣ ደም ግፊትሽን አስቢ» ይሉኛል። ደም ግፊቴም ቢሆን በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ነው።

ማንነቴን ለማያውቅ፦ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት የቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስለቅም ኖሬአለሁ። ዓይኔ ደክሟል ይሉኛል፤ ይበሉ። አንድ ቁና ቡና አምጡና ውስጡ ያለውን አንድ ብል የበላው ፍሬ ፈልጉ ብትሉኝ፣ እናንተ ሳትቀመጡ አወጣላችኋለሁ። የላቲኑን ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ኦሮምኛውን በቁቤ መማር ሲጀምሩ የማላነበውን የቤት ሥራ «ጥሩ ነው» ብዬ አላሳልፍም አልኩና አብሬአቸው ቆጠርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ እድራችን። የሰፈር እድር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አባቱ ከሸዋ የመጣውም አያቱ እዚሁ የተቀበረውም አንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጥበት። አንድ ሰማያዊ መዝገብ ነበረን። ለአንድ ቤት አንድ ገጽ። ከላይ የአባወራው ስም፣ ከሥሩ ሚስት፣ ልጆች፣ የሁለቱም እናትና አባት። ሰው ሲሞት ጸሐፊያችን ተክሌ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ያሰምርበታል። አንድ መስመር! ሟቹ ላይ ብቻ! ከሥሩ ያሉት ትንፋሽ እንኳ አይነካቸውም።

አባወራው ሲሞት ደግሞ ይሰመርበታል እንጂ ቤቱ በስሙ መጠራቱን አይተውም። በየወሩ ስብሰባ ላይ ተክሌ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሚስቱ «አለሁ» ትላለች። የእኔ ባል ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በሕይወት ሳለ ከሦስት ስብሰባ ሁለቱን የሚቀር ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ «አለሁ» የምለው እኔ ነኛ።

መዝገቡን አይጥ ከዳር ዳር ትበላው ጀመር። የሁለት ቤት ልጆች በአይጥ ጥርስ ካለቁ በኋላ ሊቀመንበራችን ፍሬው ስብሰባ ጠራ። ፍሬው የብረታ ብረት ሱቅ አለው፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ከሱሪው ቀበቶ ተለይቶ አያውቅም።

«ከእንግዲህ መዝገብ የሚባል ነገር የለም» አለ። «ኮምፒውተር እናስገባለን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አባል ነው፤ የሌለ አባል አይደለም። ጭቅጭቅ አበቃ!»

እጃችሁን አውጡ ተባለ። አወጣሁ። ላጋንን ብዬ ሳይሆን ሁለቱንም እጄን ነው ያወጣሁት፤ ተክሌ እንደ ሁለት ድምፅ ቆጥሮኝ ነበር፣ በኋላ ነው ያስተካከለው። ዛሬ እነዚያን እጆቼን ሳያቸው ሽንኩርት እንኳ ባላስከትፋቸው ደስ ይለኛል።

ፍሬው የእህቱን ባል ከአዲስ አበባ አስመጣ። ኢንጂነር ነው ተባለ። ያን ሰሞን ፍሬው ራሱ ለሱቁ ጉዳይ ሰኮሩ ሄዶ ነበርና ኢንጂነሩ ከተክሌ ጋር ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ገለበጠ። ቀይ የተሰመረባቸውን አባወራዎች ሳይቀር «የቤቱ ስም ነው» ብሎ ገለበጣቸው። ከዚያ አንድ ወረቀት ጽፎ ትቶ አውቶቡስ ላይ ወጣ። የፍሬውን ቤት ገጽ ግን አይጥ በልታው ስለነበር ተክሌ ራሱ ወረቀቱን እያየ፣ እያላበው፣ ፍሬው ከሰኮሩ ሲመለስ እየጠየቀ አስገባው።

እኔ ኮምፒውተር ሲባል የልጄ ቢሮ ውስጥ ያየሁት ነበር የመሰለኝ፤ ሥዕል ያለው፣ በእጅ የሚገፋ ነገር ያለው። የእኛው ጥቁር ነው። ጥቁር መስኮት፣ ከላይ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በቃ። ምን እንደምትፈልግ አትናገርም። አንተ ነህ ትእዛዙን በፊደል የምትጽፍላት። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ሥዕሉን አይችልም ተባለ። የአማርኛውን ፊደልም አይችልም፤ በላቲን ካልተጻፈ ባዶ ሳጥን ብቻ ይደረድራል።

«ስሙ ምንድነው?» አልኩት ተክሌን።

«ኤክስኤምኤል ዳታቤዝ ነው፣ እትዬ።»

«ይህ ስም ነው ወይስ ዕዳ?»

ተክሌ የባሌ ጓደኛ ነበር፤ ትዕግሥቱ ሰፊ ነው። አስረዳኝ። እያንዳንዱ ነገር የመክፈቻ ምልክትና የመዝጊያ ምልክት አለው፤ በሁለቱ መሃል ሌላ ነገር ይቀመጣል፤ እሱም የራሱ መክፈቻና መዝጊያ አለው።

«ጆንያ ነዋ!» አልኩ።

«እንዴት?»

«ትልቁ ጆንያ እድሩ ነው። በውስጡ የየቤቱ ጆንያ አለ። አፉ ተከፍቶ ይሞላል፣ አፉ ይሰፋል።»

«ልክ ነው» አለ፣ ደስ ብሎት። «ብቻ ኢንጂነሩ በቤቱ ጆንያ ውስጥ የአባወራውን ጆንያ ከትቶ፣ ሚስትና ልጆቹን ደግሞ አባወራው ውስጥ ከቷቸዋል።»

ያኔ መናደድ ነበረብኝ። ሚስቲቱን ከጎኑ ሳይሆን ከሆዱ ውስጥ ነው ያስቀመጣት! እኔ ግን ጆንያ ማለቴ ልክ ሆኖ በመገኘቱ ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ኩራት ስንት ነገር ያሳልፋል መሰላችሁ።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ አጥር። ባሏ አባ መጫ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠርብ፣ ሲጠርብ የሚያንጎራጉር ሰው ነበር። ጥር ላይ ሞተ። እድሩ ደንበኛ አድርጎ ሸኘው፤ ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ አንድም ነገር አልጎደለም። ዘይነባ አራት ወር ከአሥር ቀን የባሏን ሐዘን፣ ዒዳዋን፣ ቤቷ ስትቀመጥ በስብሰባው ላይ እኔ ነበርኩ «አለሁ» የምልላት። ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ መጣች።

ተክሌ ዝርዝሩን ይጠራል። «አባ መጫ!»

ዘይነባ ብድግ አለች። አፏን ከፈተች። «አለ» ብላ «ሁ» የምትለው ፊደል ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስብሰባው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አጠገቤ ታለቅሳለች።

እኔ ሰው ሲያለቅስ አብሬ የማለቅስ ሴት አይደለሁም። የሚጣላኝን ሰው ነው የምፈልገው። ስብሰባው እንዳለቀ ተክሌን ተከትዬ እድሩ ቢሮ ገባሁ።

«አሁኑኑ አውጣው» አልኩት።

«ማንን፣ እትዬ?»

«አባ መጫን! ሙት በየወሩ እየጠራህ ሚስቱን የምታሳዝን፣ አንተ ሰው አይደለህም?»

«በእርስዎም ባል ስም እኮ በየወሩ...»

«የእኔን ባል ተወው፣ ለምጄዋለሁ። አውጣው አልኩህ!»

ተክሌ የኢንጂነሩን ወረቀት አወጣ። መነጽሩን አደረገ። «የማውጫውን ትእዛዝ እስከ ዛሬ ሠርቼበት አላውቅም። ለኢንጂነሩ ልደውል?»

«ዘይነባ ለማልቀስ ኢንጂነር ጠየቀች?»

በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። መጀመሪያ አውጣ የሚለውን ቃል፣ ከዚያ እድር፣ ዘንበል ያለች ሰረዝ፣ ቤት፣ ዘንበል ያለች ሰረዝ፣ አባወራ፣ ከዚያ የአባ መጫ ስም። ፊደሉን አንድ በአንድ በቁቤ እያነበብኩ አረጋገጥኩለት። ትክክል ነው። ጣቱን አንስቶ አየር ላይ አንጠለጠለው።

«ምናልባት እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቀን ይሆናል» አለ።

እጁ አልወርድ አለኝ። ትልቁን ቁልፍ እኔ ተጫንኩት። በዚህ ጣት። በሌባ ጣቴ።

አልጠየቀም! እኔ ዶሮ ልሽጥ ስል እንኳ ልጄ ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» ትለኛለች። ገበያ ላይ ሻጩ «አይቆጭሽም?» ይላል። ያ ጥቁር መስኮት ግን አንዲት መስመር ጻፈና ዝም አለ። ተፈጸመ ማለቱ ነው። እኔ ሞኟ «ነፍሱን ይማር» ብዬ፣ የተክሌን ትከሻ መታ አድርጌ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው እየተንጎራደድኩ ወጣሁ።

የሐምሌን ስብሰባ ዝናቡ አስቀረው። ስለዚህ ማንም አላወቀም።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ገና ሲነጋ፣ ዘይነባ አጥሩን አንኳኳች። ሰርቦ ከተማ ያሉት እናቷ አርፈዋል። ቀብሩ ከቀትር ሶላት፣ ከዙህር በኋላ ነው። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ የእናትየው ግቢ ደግሞ ሦስት ሰው ከዝናብ የሚያስጠልል በረንዳ የለውም።

«ድንኳኑን አስወጪልኝ» አለች። «ሰው ጭቃ ላይ አይቁምብኝ። እማዬ ሰው አክባሪ ነበረች።»

የእድራችን ደንብ ግልጽ ነው፤ የአባል እናት ወይም አባት የትም ይሙት፣ ድንኳንና ወንበር ይሄዳል። ሁለታችን ከፍሬው ሱቅ ስንደርስ ገና በሩን እየከፈተ ነበር። ሐዘኑን ገለጸ፣ እውነቱን ልናገር፣ በደንብ ገለጸ። ከዚያ ተክሌ ያተመለትን አዲሱን ዝርዝር ከመሳቢያ አወጣ። በጣቱ ወረደ። ወጣ። እንደገና ወረደ።

«አዴ ዘይነባ፣ የሉም።»

«ማነው የሌለው?» አልኩ።

«እሳቸው። ቤቱም የለም። እናትየውም የሉም።»

«እናትየው እንኳን ዛሬ የሉም» አልኩ፣ «እሷ ግን ፊትህ ቆማለች! ዓይንህ አይሠራም?»

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ አባል ነው፣ የሌለ አይደለም። እርስዎም ሁለት እጅ አውጥተው የደገፉት ነው።»

ይህን አስታውሶ መያዙ!

«ያባትህ ድንኳን ነው?» አልኩት። «የአባትህ ቀብር ጊዜ ሦስት ቀን ወጥ ስትሠራ የነበረችው ማን ነበረች? ኮምፒውተሩ?»

ዘይነባ ክንዴን ያዘች። «ኤሬ ተይ፣ አትሳደቢ። ቀኑ እየሄደ ነው።»

ተክሌን ከቤቱ ጠርተን ሁላችንም ወደ ቢሮ። መብራት የለም። እንዴት ይኖራል? ወፍጮ ቤት ሄጄ ጄኔሬተሩን ለመንኩ፤ ለመንኩ ማለቴ፣ ከባለቤቱ ፊት ቆሜ እስኪያነሳው ድረስ አልሄድም አልኩ። ጄኔሬተሩ ደጃፉ ላይ ሲያጓራ ማሽኑ እያቃሰተ ተነሳ። ተክሌ የዘይነባን ስም ፈልግ ብሎ ጻፈ። ምንም። የልጆቿን ጻፈ። ምንም። የእናቷን። ምንም።

«ከአባወራው በታች ነበሩ እኮ...» አለና ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

እኔም ያኔ ገባኝ። ጆንያ! ትልቁን ጆንያ ወደ ወንዝ ስትወረውረው ውስጡ ያለው ተንሳፍፎ ይቀርልሃል እንዴ? አንድ ሙት አወጣን ብለን፣ ሆዱ ውስጥ የነበሩትን ስድስት ሕያዋን አብረን አውጥተናል። ዘይነባን፣ አራት ልጆቿን፣ ያኔ በሕይወት የነበሩትን እናቷን። ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ያለ በደል ሠርቶ አያውቅም።

ወደ ዘይነባ ዞርኩ።

«ያወጣሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሰኔ ላይ። ያለቀስሽ ቀን። የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስታየኝ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ታዲያ አስገቢኛ» አለች።

በቃ፣ ይህን ብቻ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ተክሌ ለኢንጂነሩ ደወለ። ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፤ ተክሌ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያወራው። ኢንጂነሩ አውቶቡስ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሥራውን ኮፒ አድርጎ እንዳስቀመጠ ተናገረ። ትእዛዙን ፊደል በፊደል ነገረው፣ ተክሌ ጮክ ብሎ ደገመው፣ እኔ ከኋላው ሆኜ በወረቀት ጻፍኩት። ጻፍነው። ያ መስኮት አሁንም ምንም ሳይጠይቅ ፈጸመ። ተክሌ ዘይነባን ፈለጋት። አለች! እናቷም አሉ። አባ መጫም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከላይ ተቀምጧል።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ዘይነባ። «በሉ ቁልፉን።»

ፍሬው እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። እጁን ሲያጣምር ሳይ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት።

«አንድ ችግር አለ» አለ። «አባወራው በሕይወት እንዳሉ ነው የሚያሳየው። እኛ ደግሞ እንደሞቱ እናውቃለን። ስለዚህ ይህ ምዝገባ ትክክለኛ ነው ለማለት... አዴ ዘይነባ ማመልከቻ ይጻፉ፣ እሑድ ጉባኤው ይየው። እኔ በግሌ ብወስን ነገ ተጠያቂ ነኝ።»

«ማሎ፣ እባክህ ፍሬው» አለች ዘይነባ። «እሑድ እማዬ ከተቀበረች አራት ቀኗ ነው።»

እሱ መስኮቱን አየ። ሰው ፊት ማየት ያቃተው ሰው መስኮት ያያል። ውጭ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

ጩኸቴ ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በጣም ስናደድ የሚሆንብኝ ነገር አለ፤ ዓይኔ ይጠራል። መጋዘን ውስጥም እንዲሁ ነበርኩ። የጥቁሩን መስኮት ዝርዝር ማየት ጀመርኩ፤ ተክሌ የቤቶቹን ስም በሙሉ አስወጥቶት ነበር። ከላይ ወደ ታች ለቀምኩት። እንደገና ለቀምኩት። አንድ ፍሬ ጎድሏል።

«ተክሌ» አልኩ በዝግታ፣ «የፍሬውን ቤት ፈልግልኝ።»

«የሊቀመንበሩን?»

«ፈልግ።»

ጻፈ። ምንም። አስተካክሎ ጻፈ። ምንም። ተክሌ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«እሳቸውን ያስገባኋቸው ከሰኮሩ ሲመለሱ ነው» አለ። «ይህ ኢንጂነሩ ሲሄድ የተወው ኮፒ ነው። የዚያን ቀን አልነበሩም።»



«ፍሬው» አልኩ፣ «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሌለ ምንድነው ያልከው?»

«እማማ፣ ይህ እኮ ግልጽ ስህተት...»

«ምንድነው ያልከው?»

«አባል... ግን እኔ እኮ ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«እሷም ፊትህ ቆማ ነበር!» ጩኸቱ አሁን ወጣ። «አባል ያልሆነ ሰው የእድር ቁልፍ በቀበቶው አይዝም! ቁልፉን ለጸሐፊው አስረክብ። አንተ ማመልከቻ ጻፍ፣ እሑድ ጉባኤው ያይልሃል!»

«ቀልድ ነው ይሄ?»

«እኔ ቀልድ አላውቅም። ሁለት እጄን አውጥቼ የደገፍኩት ደንብ ነው።»

ፍሬው ተክሌን አየ። ተክሌ፣ ያ በሕይወቱ ሰው ተቃውሞ የማያውቅ ሰው፣ መዳፉን ዘረጋ። ፍሬው ዘይነባንም አየ፤ ይህን ላስታውስለት፣ አያትና ፊቱ ቀላ። ቁልፉን ከቀበቶው ሲፈታ ጊዜ ወሰደበት፤ ከስንት ዓመት በኋላ መፈታቱ ነው።

ድንኳኑና ወንበሩ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሰርቦ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ካስማዎች ከመቱት ሰዎች አንዱ ፍሬው ነው፤ በራሱ መኪና ተከትሎን መጥቶ ነበር። ሸራው ሲወጠር ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ለቀስተኛው ሁሉ ሥሩ ገባ፤ አንድም ሰው ጭቃ ላይ አልቆመም። ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ሆና ወደ ሸራው ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ ወንበር ማስተካከል ጀመርኩ። ብዙ ወንበር ነበር የሚስተካከል።

በሦስተኛው ቀን እኔና ተክሌ ማሽኑ ፊት ተቀመጥን። መጀመሪያ ለዘይነባ የራሷን ጆንያ ከፈትንላት፤ ከላይ፣ በራሷ ስም፤ ልጆቿን ከሥሯ። ፊደሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው የአባ መጫን ባዶ ጆንያ ያወጣነው፣ እሱም ተክሌ ውስጡን ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ። የፍሬውን ቤት መጨረሻ ላይ አስገባነው። እስከ እሑድ እናቆየው ብዬ ነበር፣ ተክሌ እምቢ አለ።

እሑድ ስብሰባ ተቀመጥን። ተክሌ ዝርዝሩን ይጠራል።

«ዘይነባ!»

ዘይነባ እንደ ሌላው ሰው ዞር ዞር ብላ የተጠራውን ሰው ትፈልጋለች። በሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ስብሰባ ላይ በስሟ ተጠርታ አታውቅማ። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«አንቺን ነው እኮ!»

«እኔን?» ብድግ አለች። «አለሁ» አለች። ሦስቱም ፊደል በደንብ ወጣ።

ተክሌ ቀጠለ። የባሌን ስም ጠራ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠራ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ቀርቷል» አልኩ። «ከቀረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እኔን ጥራኝ።»

ፍሬው እጁን ሊያጣምር ጀምሮ ተወው። ተክሌ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ በስሜ ጠራኝ።

«አለሁ» አልኩት። ከነንዴቴ።